ዳይሬክተር ሆኛለሁ፤ ከየት ልጀምር?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ የኔም መልስ እንደዚያው። በ1979 ዓ.ም. ጠመኔ ይዤ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከትምህርት ቤት ግቢ አልራቅኩም፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ዳይሬክተር ሆኜ ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው አለኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ዘንድሮ መስከረም ላይ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት አይደለም፣ የማውቀው ሰው የለም። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተጠቃልለው አጠቃላይ ሳይንስ ከሆኑ ወዲህ እዚህ ሰላም የለም። ሦስቱም መምህራን የየራሳቸውን ምዕራፍ ብቻ እያስተማሩ ሌላውን ይዘሉታል። የፊዚክሱ መምህር 26 ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በስብሰባ መሀል ተነስተው «እኔ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ ስለ ሕዋስ የሚያስተምር ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። ስታፉ አጨበጨበላቸው። ወረዳው በየሳምንቱ ሪፖርት ይጠይቀኛል። የቀድሞው ዳይሬክተር ወደ መምህርነት ተመልሰው እዚያው ስታፍ ሩም ይቀመጣሉ። ወላጆች መጽሐፍ የለም እያሉ ይመጣሉ። ማታ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ዕቅድ ስጽፍ አመሻለሁ። ባለቤቴ «ተዪው በቃ» ይለኛል። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ከቆየሁስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መልቀቁ ቶሎ ልመልስልሽና እንለፈው። እስከ ጥር አትወስኚ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ለማንም ዳይሬክተር ወገብ ይሰብራል። ደክሞሽ እኩለ ሌሊት ላይ የምታስቢውን ነገር ጠዋት ተነስተሽ ደግመሽ እስክታስቢው ድረስ ለማንም አትናገሪ።

አሁን ወደ ፊዚክሱ መምህር እንምጣ። ነገሩ ያለው እሳቸው ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ልጅ ሳለሁ 6ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ተፈትኛለሁ። 8ኛ ላይም ተፈትኛለሁ፣ ከዚያ 12ኛ። መዋቅሩ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነበር። በ1986 የወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ወሰደው፣ ከዚያ 9ኛና 10ኛ፣ ከዚያ ፕሪፓራቶሪ። በ2015 የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ተመልሶ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት አደረገው። እኚህ መምህር እንግዲህ ልጅ ሆነው የተማሩበትን መዋቅር ነው አንቺ አዲስ ነው ብለሽ የምትነግሪያቸው። በመሀል የአሠራር ማሻሻያ የተባለው ሁሉ መጣ፦ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ለሁሉም ሥልጠና ተቀምጠዋል፣ ለሁሉም ፎርም ሞልተዋል። አብዛኛው ሳይሰናበት ሄደ። ስታፍ ውስጥ «ይሄም ያልፋል» ሲባል ብትሰሚ ስንፍና ነው ብለሽ አትቆጪ። ሰዎቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንዲህ ይላል» ብለሽ ስትጀምሪ ጆሯቸው ይዘጋል፣ የኔም ይዘጋ ነበር።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። በ1997 ፕላዝማ ሲመጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። ትልቅ ስክሪን፣ የብረት ሳጥን፣ ቁልፍ። ክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን የሚይዘው ፕላዝማው ነው፣ መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትደርሰዋለች። አንድ የሒሳብ መምህር ነበረን። በኮሪደር ሳልፍ ስክሪኑን አጥፍቶ በጥቁር ሰሌዳ ሲያስተምር አየሁት። እንደገና አየሁት። በሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ጻፍኩበት። ማህተም መታሁ፣ ግልባጭ ለወረዳ አደረግኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ጉዳይ እዚያው ክፍል ገባሁና መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ፕላዝማው በርቷል። ከጎኔ ያለችው ልጅ ደብተሯ ላይ ርዕሱን ጽፋለች፣ ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ድረስ የተገለበጠ እኩልታ አለ። ስክሪኑ ሲቀየር ትተወዋለች፣ አዲሱን ትጀምራለች፣ እሱም ሳያልቅ ይቀየራል። አንድ ገጽ ሙሉ ግማሽ ግማሽ እኩልታ ነበር። እንግሊዝኛው አልገባትም፣ ፍጥነቱም አልጠበቃትም። መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የኔን ደብዳቤ ተቀብሎ ማለት ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን አነሳሁለት፣ በስብሰባ ፊትም ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ጠየቅኩት፦ «ምን ይሻልሃል?» ያለኝ ቀላል ነገር ነው። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ መመሪያ ቀድሜ ላንብበው፣ ከባዶቹን ቃላት ፕላዝማው ከመከፈቱ በፊት ሰሌዳ ላይ ልጻፋቸው፣ ከሰዓት አንድ ባዶ ክፍል ስጠኝና ያልገባቸውን እዚያ ልድገምላቸው። ሰጠሁት። ሌሎቹም መምህራን እያዩ ተከተሉት። ያን ዓመት እኔ ያወጣሁት አንድም መመሪያ አልሠራም፣ የእሱ ሠራ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ይዤ ኖሬያለሁ። ለውጥ ሲመጣ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ለውጡን በእጁ የሚሠራው መምህር ጋ ነው፣ እሱ ምን እንደከበደው ለማወቅ።

ያንቺን የፊዚክስ መምህር ምን የከበዳቸው ይመስልሻል? እኔ እንደምገምተው ከሆነ ፍርሃት ነው። 26 ዓመት ሙሉ የተጠየቁትን ሁሉ መልሰዋል። አሁን የ7ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ ስለ ሕዋስ ቢጠይቃቸው መልሱን ላያውቁት ነው። ያውም በልጆቹ ፊት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኛ አገር መምህር «አላውቀውም» ሲል ልጅ ቤት ሄዶ ነው የሚያወራው። ስለዚህ በስብሰባ አትመልሺላቸው። ቢሮም አትጥሪያቸው። ዕረፍት ላይ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ሂጂና «ጋሼ፣ እኔ ደግሞ የእርስዎ ፊዚክስ ይከብደኛል፤ ጉልበትና እንቅስቃሴን ያስረዱኝ» በያቸው። እውነትሽን ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። የባዮሎጂ ሰው ነሽና እውነትሽን እንደሚሆን እገምታለሁ።

ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ሂጂ። ዳይሬክተር በእጁ ካለው ነገር ሁሉ ትልቁ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ነው። ማንንም ሳታስፈቅጂ፣ ብር ሳታወጪ የምትቀይሪው እሱን ብቻ ነው። ሦስቱ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ክፍት ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው አድርጊ። ፕሮግራሙ ወጥቷል ይሉሻል፣ አንድ ቅዳሜ ተቀምጠሽ ከዩኒት ሊደሮቹ ጋር እንደገና አውጪው። በዚያች ክፍለ ጊዜ አንዱ ለሁለቱ የሚቀጥለውን ሳምንት ምዕራፍ ያስተምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ፊዚክስ ይሁን፣ እሳቸው አስተማሪ ሆነው ይጀምሩ። አንቺም ተማሪ ሆነሽ ተቀመጪ፣ ደብተር ይዘሽ። ከቻልሽ ደግሞ አንድ የ7ኛ ክፍል ሴክሽን ራስሽ ውሰጂና አጠቃላይ ሳይንሱን ከነፊዚክሱ ከነኬሚስትሪው አስተምሪ። ስታፉ ብዙ ነገር ይቅር ይልሻል፣ ክፍል የማይገባ ዳይሬክተርን ግን አይሰማም።

ምዕራፎቹን ተከፋፍለው በየተራ ይግቡ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ለዚህ መንፈቅ ዓመት ፍቀጂው። ከዚያ በላይ ግን አትፍቀጂ፣ እንደዚያ ከሆነ አጠቃላይ ሳይንስ ስሙ ብቻ ይቀራል፣ ልጁም ሦስት ቁርጥራጭ ነው የሚማረው። ይህንን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ጥር ላይ አዲስ ነገር አታምጪባቸው።

ስለ ሪፖርቱ። ማታ መጻፉን ተዪ። ዕቅድሽ ላይ ያለውን ነገር ግማሹን ማንም አያነበውም፣ እኔ ወረዳ ተመድቤ በሠራሁበት አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ሪፖርቱን አጭርና እውነተኛ አድርጊው፣ ለተወሰነ ቀን ወስኚው፣ የቀረውን ጊዜ ግቢው ውስጥ ሁኚ። ጠዋት ደወል ሳይደወል በር ላይ ቁሚ። ማን እንደሚያረፍድ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የትኛው መምህር ፊቱ እንደተከፋ በሳምንት ውስጥ ታውቂያለሽ። ክፍል ስትገቢ ለሁለት ሳምንት ያህል ቼክሊስት አትያዢ። ወረቀቱን ሲያዩ መምህራን የሚያስተምሩት ለወረቀቱ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ቢሮ አታስቀምጪው፣ ይዘሽው ክፍል ግቢ፣ የሳይንስ መምህራኑን ችግር በዓይኑ ይይ። ከዚያ በኋላ ለወረዳው የሚያስረዳልሽ እሱ ነው።

የቀድሞው ዳይሬክተር ምናልባት ከሁሉም ሰው በላይ የሚጠቅሙሽ ሰው ናቸው። ሄደሽ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያስቀድማሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የእሳቸውን ሥራ በስብሰባ አታጣጥዪ፣ በጭራሽ።

መጽሐፉን በተመለከተ ወላጆቹን በተናጠል አትመልሺ፣ ወመህን (የወላጅና መምህር ኅብረቱን) ጥሪና ስንት ተማሪ ስንት መጽሐፍ እንዳለ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው። ያለው መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ቤት አይሂድ፣ ሁለት ሦስት ልጅ አንዱን ይጋራ። ሶፍት ኮፒው በስልክ ላላቸው ወላጆች ይላክ። ቀሪውን ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ከሚሰበሰበው ድጋፍ ላይ ኮሚቴው ይወስን። ቀለምና አጥር መልካም ነው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የመጀመሪያው ብር ለመጽሐፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፣ ሦስት ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። አሁን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋና ርዕሰ መምህርነት ሊመድቡኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ባለፈው ዓመት በ12ኛ ክፍል ፈተና አንድም ልጅ አላሳለፈም። ጓደኞቼ «ስምህን ታበላሻለህ» ይሉኛል። ልቀበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተቀበል። ግን ዓይንህን ከፍተህ ግባ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ፣ በ2015 መጀመሪያ በተሰጠው የመጀመሪያው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በሚቀጥለው 3.2። ከዚያ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። በመላ አገሪቱ ነው። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የምትገባበት ትምህርት ቤት ብቻውን የተረገመ አይደለም፣ ያለፈው ዳይሬክተርም ብቻውን አላጠፋውም። ይህንን የምልህ እንድትጽናና አይደለም። መምህራኑም ልጆቹም «እኛ አንረባም» ብለው ነው የሚጠብቁህ፣ እሱን የምትነቅልበት ነገር ያስፈልግሃል ብዬ ነው።

ወረዳው 12ኛን ይዘህ ቱቶሪያል እንድታስጀምር ይገፋሃል። አስጀምር፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። ግን ጎበዝ ጎበዞቹን መምህራን ሁሉ ወደ 12ኛ አታሽሽ። እኔ ብሆን ከምርጦቹ ቢያንስ ግማሾቹን 9ኛ ላይ አደርጋለሁ። ምክንያቱን ራስህ ታየዋለህ፦ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የ9ኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ እየጠራህ ከእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ አስነብባቸው። በጣትህ ታግዛቸዋለህ፣ ከጎን ትቀመጣለህ፣ ማንም እንዳይስቅ በር ይዘጋል። ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም የሚመጣላቸው በዚያ ቋንቋ ነው። አንቀጹን ሳይጨርስ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ 12ኛ ሲደርስ በሦስት ወር ቱቶሪያል አይድንም። ስንት እንደሆኑ ቁጠራቸው። ያ ቁጥር በእጅህ ካለ ስታፉን ማሳመን አይከብድህም፣ ወረዳውንም ቢሆን።

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። ይህ ማለት በ9ኛ፣ በ10ኛና በ11ኛ ልጁ የት እንደቆመ ከውጭ መጥቶ የሚነግርህ የለም። የራስህን ፈተና ጠንከር አድርገህ ማውጣት አለብህ፣ ውጤት ማሳመር የሚባለውን ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አቁም። ወላጅ ይጮኻል፣ ይጩህ። ሮስተር ላይ፣ ማለትም በትምህርት ቤቱ የውጤት መዝገብ፣ 80 ያገኘ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ 12ኛን ሲፈተን 25 ሲያመጣ ያለቀሰችውን እናት አይቻለሁ፣ «ለምን ዋሻችሁን?» ነበር ያለችን። መልስ አልነበረኝም።

ሁለት ነገር ጠይቅ፣ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት። አንደኛ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንደምትቆይ ቃል ይግቡልህ። ዛሬ የያዝከው 9ኛ ክፍል 12ኛ የሚደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቃሉ ላይጠበቅ ይችላል፣ መጠየቁ ግን ምን እንዳሰብክ ይነግራቸዋል። ሁለተኛ፣ ያለ ርክክብ ቁልፍ አትቀበል። ወንበሩ፣ ላብራቶሪው፣ ኮምፒውተሩ፣ መጽሐፉ ይቆጠር። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገብቶ ሜዳ ላይ የሌለ ንብረት ካለ በመጀመሪያው ቀን ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ጎበዝ ጎበዝ ዳይሬክተሮች ባላዩት ንብረትና ባልፈረሙበት የውስጥ ገቢ ሲጠየቁ አይቻለሁ። የሣር ሽያጭም ብትሆን፣ የአዳራሽ ኪራይም ብትሆን በደረሰኝ ትግባ፣ አንተ በእጅህ ብር አትንካ።

ስለ ስምህ ደግሞ አትጨነቅ። ዜሮ ካመጣ ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ ያሳለፍክ ቀን አካባቢው ስምህን በደግ ነው የሚያነሳው።

ጥያቄ፦ እኛ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ነን። በስድስት ዓመት አምስት ዳይሬክተር ተቀያይሮብናል። እያንዳንዱ የራሱን ነገር ይጀምራል፣ ሳይጨርስ ይሄዳል። ሰልችቶናል። እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ መሰልቸታችሁ ትክክል ነው፣ ማንም ቢሆን ይሰለቸዋል። የመመደቢያውን ሥርዓት እናንተ አትቀይሩትም። ግን አንድ ነገር በእጃችሁ አለ።

እኔ የመጨረሻ ትምህርት ቤቴ ስገባ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪዋ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይዛ ቢሮዬ መጣች። በየዓመቱ ምን እንደተሞከረ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራና ለምን እንዳልሠራ በእጅ ተጽፏል። ከኔ በፊት የነበሩት ሦስት ዳይሬክተሮች ፊርማ አለበት። «ጋሼ፣ ከመጀመርዎ በፊት ይህንን ያንብቡልን» አለችኝ፣ ቆማ። በዚያች ሰዓት ከበደኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ማታ ቤት ወስጄ አነበብኩት። ልጀምር ካሰብኳቸው ነገሮች ሁለቱ ቀድመው ተሞክረው አልሠሩም፣ አንዱ ደግሞ ጥሩ ሆኖ ሳለ መሀል ላይ የተቋረጠ ነበር፣ የ5ኛ ክፍል ልጆች ለ2ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን የሚያነቡበት። እሱን መልሼ አስጀመርኩት። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም ያን ዓመት።

መዝገቡን ዛሬ ጀምሩት። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ይያዙት፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ አይቀመጥ። የጀመራችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ጻፉ። ስድስተኛው ዳይሬክተር ሲመጣ፣ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ ከእናንተ አንዱ ይዞለት ይግባ።